ትርጉሙን ለእኛ ተዉልን፤ ክፍሉን ግን ሙሉውን አሳዩን

ለእሑድ ምሽቱ ተከታታይ ድራማ አስተላላፊ የቴሌቪዥን ጣቢያ
የፕሮግራምና የስርጭት ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለድራማው ደራሲ፣ ለአዘጋጁና ለፕሮዲውሰሮቹ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የድራማው የመጨረሻ ክፍል ተቆራርጦ መተላለፉንና ድጋሚ አይታይም መባሉን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በቸርችል ጎዳና ዙሪያ ባሉ ካፌዎች እየተሰባሰብን ድራማውን ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ ስንወያይበት የቆየን ተመልካቾች ነን። ከመካከላችን ኤዲተሮች፣ የድምፅ ባለሙያዎች፣ የቴአትር ተማሪዎች፣ ሰዓት ሠሪዎችና ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ።

ድራማው ለምን እንዲህ አለቀ የሚል ቅሬታ የለንም። ደራሲው ጥያቄውን ሳይዘጋ መተዉ መብቱ ነው፤ ብዙዎቻችንም ወደነዋል። ቅሬታችን የመጨረሻው ክፍል በሦስት የተለያየ መልክ ተላልፎ፣ ከሦስቱ አንዱም ሙሉ አለመሆኑ ነው። ይህን ለተመልካች ግንኙነት ክፍላችሁ ስናስረዳ ያገኘነው መልስ «መጨረሻው ድሮም ግልጽ አይደለም፤ ጥቂት ሰኮንድ ቢጎድል ለውጥ የለውም፤ ክፍሉ ድጋሚ አይተላለፍም» የሚል ነበር። ደብዳቤውን ለአደባባይ ያበቃነው ይህ መልስ ነው።

ደራሲ አስቦ ያጠላለፈው መጨረሻና ስርጭት ክፍል ውስጥ የጎደለ መጨረሻ ለየቅል ናቸው። ደራሲው ሲያጠላልፍ ለሁለትና ለሦስት ትርጉም የሚሆን ማስረጃ አስቀምጦ «መዝኑት» ይለናል። ስርጭቱ ሲያጎድል ግን የሚመዘነውን ነገር ከፊታችን ያነሳዋል። እንዲያውም መጨረሻው ግልጽ ያልሆነ ድራማ ግልጽ ከሆነው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግልጽ በሆነ ታሪክ አምስት ሰኮንድ ቢጠፋ የቀረው ሁለት ሰዓት ይክሰዋል። እዚህ ግን ሙሉው ክብደት ያረፈው በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ላይ ነው።

ክፍሉን ላላዩ አንባቢዎች ትዕይንቱን ባጭሩ እንግለጸው። ቦታው ሠራተኛ ሰፈር አካባቢ ያለ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው። ቀኑ መጋቢት 10፣ የመጋቢት መስቀል። እናት ሳሎን ውስጥ ረከቦት ፊት ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ሰዓት ሠሪ የነበሩት ሟች ባላቸው የሰቀሉት የግድግዳ ሰዓት አለ። ታናሹ ልጅ በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ቤቱን ለማሻሻጥ የሚመላለሰው ደላላም ምላሽ እየጠበቀ ነው። በር ይንኳኳል። እናት ይነሳሉ፤ በሩን ይከፍታሉ፤ ብርሃን ፊታቸው ላይ ያርፋል። የመጣውን ሰው አናይም። ምስሉ ይጠፋና ጨለማው ውስጥ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ የባለሙያዎች ዝርዝር ይመጣል።

ያንኳኳው ማነው? አንዱ ወገን ልጁ ተመለሰ ይላል። ሌላው እናት እዚያው ወንበራቸው ላይ አርፈዋል፣ የበሩ መከፈት ከዚያ ወዲያ ያለ ነገር ነው ይላል። ሦስተኛው ደላላው ነው፣ ቤቱም በዚያች ቅጽበት ሄደ ባይ ነው። ሦስቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ተጨባጭ ነገር አላቸው፤ ክርክሩን የሚያጣፍጠውም ይኸው ነው። ችግሩ የጠቀሱትን ነገር ሌላው ሰው ጨርሶ አላየውም፣ ወይም አልሰማውም። እየተከራከርን የነበረው ስለ ሦስት ትርጉሞች መስሎን ነበር፤ ስለ ሦስት የተለያዩ ፋይሎች ሆኖ ተገኘ።

የእሑድ ምሽቱ ስርጭት ላይ ጨለማው ሁለት ሰኮንድ ብቻ ቆይቶ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ፤ የባለሙያዎች ዝርዝር ጨርሶ አልታየም። የሰኞ ከሰዓቱ ድጋሚ ላይ ጨለማው 11 ሰኮንድ ይቆያል፤ ሆኖም በስድስተኛው ሰኮንድ ላይ የቀጣዩን ዝግጅት የሚያስተዋውቅ ድምፅ ይደረብበታል። በዩቲዩብ ገጻችሁ ላይ የተጫነው ቅጂ ደግሞ በሩ ሲከፈት ያበቃል፤ ጨለማም ድምፅም የለውም። እሑድ ያየ ሰው መብራት የሄደ ወይም ዲሹ የተነካ መስሎት ሪሞት አንስቷል። ሰኞ ያየ ሰው በጨለማው ውስጥ እርምጃ ሰምቷል። በስልኩ ያየ ሰው ስለ ምን እርምጃ እንደምናወራ እንኳ አያውቅም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

አንደኛው የጨለማው መቆረጥ ነው፤ ትልቁም ጉዳት ይኸው ነው። በሰኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሰላ 11 ሰኮንድ 275 ፍሬም ነው። ይህ ሁሉ ፍሬም እንዴት እንደሚጠፋ ሙያውን የምናውቅ አባላት እንረዳለን። ፋይሉ ለስርጭት ሲዘጋጅ መነሻና መድረሻ ታይምኮድ፣ ማለትም የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ በሰኮንድና በፍሬም የሚያመለክት ቁጥር ይሰጠዋል። መድረሻውን የሚሰጠው ባለሙያ ፋይሉን ወደ መጨረሻው ያሮጠዋል፤ ጥቁር ሲያይ «አለቀ» ብሎ እዚያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ የድምፁ መለኪያ አሁንም ሲወዛወዝ አያይም። ሁለተኛው መንገድ የማሠራጫ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው፤ ጥቁር ምስል ወይም ዝምታ ከተወሰነ ሰኮንድ ሲያልፍ ችግር የተፈጠረ መስሎት ወደሚቀጥለው ፋይል እንዲዘል ሊደረግ ይችላል። ለዕለት ዜና ይህ መልካም መከላከያ ነው። በጨለማ ለሚያልቅ ድራማ ግን አስቀድሞ ካልተነገረው መጨረሻውን ይበላዋል። የሁለቱም መፍትሔ ቀላልና ወጪ የሌለው ነው፤ መድረሻውን ከፕሮዲውሰሩ በሚመጣው የታይምኮድ ዝርዝር መሙላት፣ ለዚያ ፋይል ብቻ የጥቁርና የዝምታ መቆጣጠሪያውን ከ15 ሰኮንድ በላይ ከፍ ማድረግ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማ ማድረግ።

ጨለማ ትርጉም ሊሸከም መቻሉን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ምሳሌው በጣም ስለሚቀርብ እንጥቀሰው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 2007 በአሜሪካ ኤችቢኦ ጣቢያ የተላለፈው የተከታታይ ድራማው የ«ዘ ሶፕራኖስ» የመጨረሻ ክፍል በድንገት ወደ ጥቁር ተቆርጦ ለ10 ሰኮንድ ያህል ያለ ምስልና ያለ ድምፅ ቆይቷል። ብዙ ተመልካቾች ኬብላቸው የተቋረጠ መስሏቸው ነበር። ጣቢያው ግን ጨለማውን አሳጥሮ ማስታወቂያ አላስገባም፤ ሰኮንዶቹን እንደ ሥራው አካል አከበራቸው። ሰዎች ስለዚያ ክፍል እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ሁሉም ያንኑ ጨለማ ስላዩ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን፤ ድራማው ምስጢሩን ያኖረው ጆሮ ውስጥ ነውና። በሰኞው ስርጭት ጨለማ ውስጥ አራት ነገር ይሰማል፦ ከሩቅ አዛን፣ በእንጨት በረንዳ ላይ እርምጃ፣ የቁልፍ መንቀጫቀጭ የሚመስል ነገር፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የግድግዳው ሰዓት ምት። እያንዳንዱ ድምፅ ለአንዱ ትርጉም ምስክር ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። በዩቲዩቡ ቅጂ ላይ ሰዓቱ በግልጽ ይታያል፤ 12:40 ይላል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር እንደሚሄድ በሁለተኛው ክፍል ተነግሯል። በመጋቢት 10 አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12:30 ገደማ፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12:35 ገደማ ነው። ስለዚህ 12:40 ሲል ጠዋትም ማታም የሳሎኑ ብርሃን ደብዛዛ ነው። ደራሲው ቀኑንና ሰዓቱን የመረጠው በአጋጣሚ ነው ብለን አናምንም። «እናት አርፈዋል» የሚለው ወገን ጊዜውን ንጋት ያደርገዋል፤ በአራተኛው ክፍል የጠዋት ፀሐይ በዚያው በር ሲገባ ታይቷልና። «ልጁ መጣ» የሚለው ደግሞ ምሽት ያደርገዋል።

ይህን የሚለየው አዛኑ ነው። የሱብሂ አዛን የሚሰማው ከፀሐይ መውጫ ቀድሞ፣ ገና ሰማዩ ጨለማ ሳለ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከ12:40 አንድ ሰዓት በላይ ይቀድማል። የመግሪብ አዛን ግን ፀሐይ እንደጠለቀች ነው የሚሰማው፤ ከ12:40 ጋር ይገጥማል። ከዚህም በላይ በሱብሂ አዛን ላይ «ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል» የሚል ሐረግ ይጨመራል፤ በሌሎቹ ላይ የለም። በጨለማው ውስጥ ያ ሐረግ ካለ ንጋት ነው፤ ከሌለ ምሽት ነው። የዝግጅት ማስታወቂያችሁ ድምፅ በስድስተኛው ሰኮንድ ላይ የገባው ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ነው። ቤኒን ሰፈር ኑር መስጊድ አጠገብ የኖሩ አባሎቻችን ደጋግመው አዳምጠውት ከማስታወቂያው ድምፅ ሥር መለየት አልቻሉም።

ሰዓቱ ራሱ ቆሞ ቢሆንስ? ሰዓት ሠሪ አባሎቻችን ያነሱት ጥያቄ ነው። ዓይነቱ በቁልፍ ተሞልቶ ስምንት ቀን ያህል የሚሄድ የፔንዱለም ሰዓት ነው። በዘጠነኛው ክፍል እናት የመሙያውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ይታያሉ፤ ሲሞሉት ግን አልታየም። ከዚያ እስከ መጨረሻው ክፍል በታሪኩ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ካልሞሉት ሰዓቱ ሞቷል፤ 12:40 ማለቱም የሚነግረን ነገር የለም፤ የንጋቱም ክርክር ያገግማል። ይህን የሚወስነው የምቱ መኖር አለመኖር ብቻ ነው። የሰኞው ድምፅ ውስጥ ምት የሚመስል ነገር አለ፤ ነገር ግን የሰዓት ይሁን የእርምጃ ማስተጋባት ለመለየት አይቻልም።

ለምን እንደማይቻል እናውቃለን። ድምፁ በስርጭት ላይ በኮምፕሬሰርና በሊሚተር አልፎ ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ተደርጓል። ለንግግር ዝግጅት ይህ ይጠቅማል። እዚህ ግን ሩቁን አዛን፣ ቅርቡን እርምጃና ስሱን የሰዓት ምት በአንድ ርቀት ላይ ደርድሯቸዋል። እርምጃው ወደ በሩ እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ? መልሱ ያለው በድምፁ መጨመርና መቀነስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ያጠፋው ደግሞ ያንኑ ነው። ልጁ በሦስተኛው ክፍል ከሚኒባስ ሲወርድ ግራ እግሩ ተጎድቶ ያነክሳል፤ አንዱ እርምጃ ጠንካራ፣ ሌላው ስስ መሆን ነበረበት። በተላለፈው ድምፅ ሁለቱም እኩል ናቸው። ደላላው ነው የሚለው ወገን ይህን ይዞ «እኩል ነው፣ አያነክስም» ይላል። ነገር ግን እኩል ያደረገው መሣሪያው ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አሠራር የሙሉውን ክፍል አማካይ ድምፅ ለክቶ፣ የአውሮፓ የስርጭት ኅብረት እንደሚመክረው ወደ −23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግና የውስጡን ልዩነት ሳይነኩ መተው ነው።

ሦስተኛው በምስሉ ላይ የተለጠፈው ነገር ነው። የጣቢያው ሎጎ የተቀመጠው ቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ ሲሆን በእሑዱም በሰኞውም ስርጭት የሰዓቱን ግማሽ ፊት ሸፍኖታል። እሑድ ማታ ደግሞ ከታች የሚያልፈው ተንሸራታች ጽሑፍ ረከቦቱን በሙሉ ሸፍኗል። ረከቦቱ ላይ ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ አለ፤ የልጁ ነው። ልጁ ከሄደ ጀምሮ እናት ያንን ሲኒ ደፍተው ነበር የሚያስቀምጡት፤ በአምስት ክፍሎች ላይ እንዲሁ ታይቷል። በሰኞው ስርጭት ሲኒው ቀና ብሎ፣ ቡና ተቀድቶበት ይታያል። እናት ልጁ እንደሚመጣ አውቀው ነበር ማለት ነው? ወይስ የመጨረሻ ተስፋቸውን እየቀዱ ነበር? እሑድ ያዩት ግን ይህን ጥያቄ መጠየቅ እንኳ አልቻሉም፤ በዚያ ቦታ ላይ ያነበቡት የስልክ ቅናሽ ማስታወቂያ ነበርና።

አራተኛው የማስታወቂያ ዕረፍቱ ነው። ከመንኳኳቱ እስከ መከፈቱ ያለው ትዕይንት ካሜራው ሳይቆረጥ የተቀረጸ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ነው። ዕረፍቱ የገባው በር ተንኳኩቶ እናት ሳይነሱ ነው። ስንመለስ እናት ቆመዋል። እሑድ ያዩ ብዙ ሰዎች በመሃል ጊዜ ያለፈ መስሏቸው «እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር» የሚል ትርጉም ሠርተውበታል። በዩቲዩቡ ቅጂ ዕረፍቱ ሲወጣ የእናት መነሳትም አብሮ ወጥቷል። በዚያች የመነሳት አፍታ ጠረጴዛ ይዘው ነው የተነሱት ወይስ ያለ ድጋፍ የሚለው ለሁለተኛው ትርጉም ዋና ነገር ነው። እናት ከስድስተኛው ክፍል ጀምሮ ያለ ድጋፍ ቆመው አያውቁም።

አምስተኛው የባለሙያዎች ዝርዝር ነው። እሑድ አልታየም፤ ሰኞ የስክሪኑ ሩብ ላይ ተጨምቆ በማይነበብ ፍጥነት አለፈ። ይህ በመጀመሪያ የሠሩትን ሰዎች ይጎዳል፤ መብራት ያቆመው፣ ሜካፕ የሠራችው፣ ቡም (የማይክ ዘንግ) የያዘው ሰው ስሙን የሚያይበት ቦታ ሌላ የለውም። እኛንም ይጎዳናል፤ «በዚህ ክፍል የተሳተፉ» ከሚለው ሥር የልጁን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ተዋናይ ስም ካለ ወይም ከሌለ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዝርዝሩ የታሪኩ አካል የሆነባቸው ሥራዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያበቃው የአሜሪካው የሆስፒታል ድራማ «ሴንት ኤልስዌር» ታሪኩ ሁሉ የአንድ ልጅ ሐሳብ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ካበቃ በኋላ፣ በዝርዝሩ ሥር የአምራች ኩባንያው ምልክት የሆነችው ድመት ከሆስፒታል መሣሪያ ጋር ተያይዛ ታየች፤ በመጨረሻም የልቧ መስመር ቀጥ አለ። ዝርዝሩን የጨመቀ ጣቢያ ይህን ሁሉ ይጥለው ነበር።

ስድስተኛውን ስንጽፍ በጣም አዝነን ነው። ማክሰኞ ምሽት የመዝናኛ ዝግጅታችሁ አቅራቢ «ትክክለኛው መልስ» በሚል ጽሑፍ ሥር ልጁ መሞቱን፣ ያንኳኳውም ደላላው መሆኑን አወጀ። ደራሲው አልተጠየቀም፤ አዘጋጁ አልቀረበም። ለማስረጃነት የታየው የለቅሶ ድንኳን ምስል ደግሞ ከስድስተኛው ክፍል፣ ከአባት ቀብር የተወሰደ ነው። ክፍሉን ያላየ ሰው ያንን ምስል የመጨረሻው ክፍል አካል አድርጎ ተቀብሎታል፤ አሁን ካፌ ውስጥ «ድንኳኑን አላያችሁም?» የሚል ሰው እናገኛለን።

ይህ ስሕተት ከዚህ ቀደም በሌላ አገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2010 በአሜሪካ ኤቢሲ ጣቢያ «ሎስት» የተባለው ድራማ ሲያበቃ ጣቢያው በዝርዝሩ ሥር የአውሮፕላን ስባሪ ያለበት ባዶ የባሕር ዳርቻ ምስል አስገባ። ብዙ ተመልካች ከዚያ ተነሥቶ ሁሉም ሰው በመጀመሪያው አደጋ ሞቷል ብሎ ደመደመ። ጣቢያው በኋላ ምስሉን ያስገባው ራሱ እንደሆነ፣ የታሪኩም አካል እንዳልሆነ በይፋ ለማስረዳት ተገደደ። ያ የተሳሳተ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። እነሱ ቢያንስ ማስረጃውን አልቆረጡም፤ በላዩ ጨመሩበት እንጂ። እናንተ ግን ማስረጃውን ቆርጣችሁ ትርጉም ሰጣችሁን።

በሕግም ቢሆን ጉዳዩ የተመልካች ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ከገንዘብ መብቱ ሌላ የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ሥራው ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ እንዳይዛባና እንዳይቆራረጥ መቃወም ይችላል። ደብዳቤውን ለደራሲውና ለአዘጋጁ በግልባጭ ያደረስነው በእነሱ ቦታ ሆነን ለመክሰስ አይደለም፤ የተጎዳው ሥራ የእነሱ ስለሆነ እንዲያውቁት ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የመጨረሻው ክፍል ከፕሮዲውሰሩ ማስተር ፋይል (ካልተቆረጠው ዋና ቅጂ) ላይ፣ በዚያው በእሑድ ምሽት ሰዓቱ፣ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ማስታወቂያ ተነግሮ እንደገና ይተላለፍ። ከመንኳኳቱ እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ማስታወቂያ፣ ተንሸራታች ጽሑፍና የዝግጅት ማስተዋወቂያ ድምፅ አይግባ፤ ሎጎውም ለዚያ ትዕይንት ይነሳ ወይም ወደ ግራ ይዛወር። ማስታወቂያ መኖር እንዳለበት እንረዳለን፤ ድራማ የሚሠራው በማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ከትዕይንቱ በፊት ሁለት ረዘም ያሉ ዕረፍቶች ቢገቡ አንቃወምም፤ ተቀምጠን እናያለን።

ጨለማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፁም ያለ ኮምፕሬሰር ይተላለፍ። የባለሙያዎች ዝርዝር በሙሉ ስክሪንና በተዘጋጀበት ፍጥነት ይታይ።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ቅጂ በዚያው ፋይል ይተካ። አሮጌው ቅጂ በማብራሪያ ጽሑፉ ላይ «ያልተሟላ» ተብሎ እንዲቆይ እንመርጣለን፤ ከተሰረዘ ክርክሩ ከየት እንደመጣ ማሳየት ያስቸግራል።

በሦስቱ ስርጭቶች ላይ ምን እንደጎደለ በግልጽ የሚዘረዝር አጭር መግለጫ ይውጣ። የማን ጥፋት እንደሆነ እንዲጻፍ አንጠይቅም። የስርጭት ክፍል ሠራተኞች በአንድ ፈረቃ ስንት ፋይል እንደሚያሳልፉ የምናውቅ አለን፤ የጎደላቸው ትጋት ሳይሆን ከፕሮዲውሰሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የታይምኮድ ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር ለማንኛውም ተከታታይ ድራማ መነሻና መድረሻውን፣ የተፈቀዱ የዕረፍት ቦታዎችን፣ ሆን ተብለው የገቡ ጨለማዎችንና ዝምታዎችን ይዞ አንድ ገጽ አይሞላም። ከሚቀጥለው ድራማ ጀምሮ ያለ እሱ ፋይል አንቀበልም ብትሉ ግማሹ ቅሬታችን ዳግም አይነሳም።

በማክሰኞው ዝግጅት «ትክክለኛው መልስ» ተብሎ የቀረበው እንዲታረም፣ የድንኳኑም ምስል ከስድስተኛው ክፍል የተወሰደ መሆኑ በዚያው ዝግጅት እንዲነገር እንጠይቃለን። ደራሲው በራሱ ፈቃድ መናገር ከፈለገ ማዳመጥ ደስታችን ነው፤ ካልፈለገ ግን ማንም በእሱ ስም መልስ አይስጥ።

ማስተር ፋይሉ ከነሙሉ የድምፅ ትራኩ በጣቢያው ማኅደር እንዲቀመጥ፣ የት እንዳለም እንዲነገረን እንፈልጋለን። ባለፉት ዓመታት የተላለፉ ብዙ ድራማዎች ዛሬ የሚገኙት ከቴሌቪዥን ስክሪን ላይ በስልክ በተቀረጸ ቅጂ ብቻ ነው፤ ይህኛው እንዲያ እንዲሆን አንፈልግም።

ጣቢያው ፈቃደኛ ከሆነ፣ ክፍሉን በመሃል ከተማ ካሉት አዳራሾች በአንዱ፣ ለምሳሌ በሀገር ፍቅር ወይም በብሔራዊ ቴአትር፣ በጥሩ ድምፅ ማጉያ አብረን እንድናየው ቢዘጋጅ ከአባሎቻችን መካከል ድምፅ የሚያስተካክሉና መግቢያ በር ላይ የሚያስተናግዱ ሰዎች ያለ ክፍያ እንመድባለን። አዛኑንና የሰዓቱን ምት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሰማን በኋላ የሦስቱም ትርጉም ደጋፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከራከራሉ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ድጋሚ የምታስተላልፉበትን ቀን ጠቅሳችሁ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የድራማው ተመልካቾች የውይይት ቡድን አስተባባሪዎች
የኤዲቲንግና የድምፅ ባለሙያ አባላት ተወካይ
የሰዓት ሠሪ አባላት ተወካይ
የቴአትር ተማሪዎች ተወካይ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ